ግዕዝና ኃምስ የሌሉበት ገጽ

አማርኛ በኮምፒውተር እንዴት እንደሚጻፍ ለማያውቅ ሰው፣ የአንዲት ቁልፍ መበላሸት ተራ ነገር ይመስለዋል። 33ቱ ፊደላት ከግዕዝ እስከ ሳብዕ በ7 ሲባዙ 231 ይሆናሉ፤ በተለመደው የኮምፒውተር ገበታ ላይ ያሉት ቁልፎች ግን 104 ያህል ናቸው። ስለዚህ ፊደላችን በ1999 እ.ኤ.አ. ዩኒኮድ ውስጥ ገብቶ እያንዳንዱ ሆሄ የራሱን ቁጥር ቢያገኝም፣ አንዱን ሆሄ ለመጻፍ ብዙውን ጊዜ ሁለት ቁልፍ እንመታለን፤ አንዱ ለተነባቢው፣ አንዱ ለአናባቢው። «ለ»ን ስንሻ የላቲኑን «ኤል» መትተን «ኢ»ን እናስከትላለን። አናባቢ የማይለምነው ሳድሱ ብቻ ነው።

ባለፈው ክረምት የሞተችብኝ ይህችው «ኢ» ናት። የምጽፍበት ስልት ግዕዙን በትንሿ «ኢ»፣ ኃምሱን በትልቋ ስለሚያስጽፍ፣ በአንዲት ቁልፍ ሞት ከሰባቱ ሁለቱ ተዘጉ። በዚያ ሰሞን የምተይበው አባቴ ስለ አባቱ በእጁ የጻፈውን ደብተር ነበር። የአባቴ ዐይን እየደከመ ነው፤ ለእንቁጣጣሽ ልጆቹ ሁሉ ሲሰበሰቡ ታትሞ እንዲነበብለት ይሻ ነበር።

የብልሽት ምርመራ ከውጭ ወደ ውስጥ ይሄዳል። አስቀድሜ የአማርኛውን መጻፊያ ዘግቼ በእንግሊዝኛ ሞከርኩ፤ «ኢ» እዚያም የለችም። ጥፋቱ የአማርኛው ፕሮግራም አይደለም ማለት ነው። ገበታውን ነቅዬ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሰካሁት፤ ያው ነው። የቀረው ገበታው ራሱ ነበርና ብሎኖቹን ፈታሁ። የርካሽ ገበታ ውስጡ ቀላል ነው፤ ከቁልፎቹ ሥር የጎማ ጉልላቶች፣ ከእነርሱም ሥር ሦስት ስስ ፕላስቲኮች ተነባብረዋል። በላይኛውና በታችኛው ላይ ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፉ መስመሮች ተቀብተዋል፤ መካከለኛው በየቁልፉ ሥር ተበስቶ ሁለቱን ይለያያል። ጣት ሲጫን ሁለቱ በቀዳዳው በኩል ይነካካሉ፤ ፊደልም ይወለዳል። መስመሩ ተቆርጦ ቢሆን ኖሮ በዚያው መስመር ላይ ያሉ ሌሎች ቁልፎችም አብረው በጠፉ ነበር። የሞተችው አንዲት ብቻ ስለሆነች፣ ነገሩ ከመነካኪያዋ ነው ብዬ አልኮል ባራሰው ጥጥ ጠረግሁላት፤ እስኪደርቅም ጠበቅሁ። አልተነሣችም። ግዕዝንና ኃምስን ለብቻዋ ስትሸከም ኖራ፣ ጥቁሩ ቅብ አልቆባት ነበር። ሌላ ገበታ ገዛሁ።

ቁልፏ ከሞተች በኋላ የተተየበው ገጽ ግን አልጠፋም ነበር። አነበብኩት። አብዛኛው ትርጉም አልባ ነው፤ «ነገር» «ንግር» ሆኗል። አንዳንዱ ሌላ ቃል ወጥቶታል፤ «ከፈለ» «ክፍል» ሆኗል። «አባቴ» በሚለው ፈንታ «አባት» ይላል። ከሁሉ ያስደነቀኝ ግን ግሡ ነው። አባቴ የአባቱን ኑሮ ሲተርክ «ሰማ»፣ «ወጣ»፣ «ዘራ»፣ «ጸና» ብሎ ጽፏል። ግዕዙ ሲወድቅ «ስማ»፣ «ውጣ»፣ «ዝራ»፣ «ጽና» ሆኗል። ትረካው ትእዛዝ ሆነ፤ የአንድ ገበሬ ታሪክ ለልጅ ልጁ የተላከ ምክር መሰለ። አያቴን በሕይወት አላየሁትም። በዚያች ገጽ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ያናገረኝ ያህል ተሰማኝና፣ ለመጽሐፉ መግቢያ ላደርጋት ዳዳኝ።

ለአባቴ አነበብኩለት። ዝም ብሎ ሲሰማኝ ቆየና፣ «ያምራል፤ ግን እርሱ አይደለም» አለኝ።

«እንዴት?»

«አባቴ ስማ ብሎኝ አያውቅም፤ እርሱ ሰው ሲሰማ ነው ያየሁት። ዝራም ብሎኝ አያውቅም፤ ስነቃ እርሻው ላይ አገኘው ነበር እንጂ። ጽና የሚለው ቃል ካፉ ወጥቶ አላውቅም። ግዕዙን መልስልኝ፣ ልጄ።»

መግቢያውን ተውኩት። በአዲሱ ገበታ «ስማ»ን «ሰማ»፣ «ዝራ»ን «ዘራ»፣ «ጽና»ን «ጸና» እያደረግሁ ቃል በቃል አረምኩ፤ አባቴም ከጎኔ ተቀምጦ የቁልፉን ድምፅ ያዳምጥ ነበር። በመጨረሻ የቀረኝ «አባት» የሚለው ነበር። ሽፍትን ይዤ «ኢ»ን መታሁ፤ «አባቴ» ሆነ።