የእትዬ ወርቄ ሕመም

በ1997 ዓ.ም. ከምርጫው በኋላ የሞባይል አጭር መልእክት በተቋረጠ ጊዜ፣ ለትምህርት ኔዘርላንድ ከነበረ ጓደኛዬ ጋር የምንገናኘው በኢሜይል ነበር። አራት ኪሎ ከሚገኝ የኢንተርኔት ካፌ ገብቼ፣ ገጹ እስኪከፈት አንድ ጋዜጣ አንብቤ እጨርስና ስለ «እትዬ ወርቄ» እጽፍለታለሁ። እትዬ ወርቄ የሚባሉ ዘመድ የሉንም፤ የአገሪቱ ፖለቲካ ናቸው። «ደም ግፊታቸው ጨምሯል» ካልኩ ሰው ታስሯል ማለት ነው። የምፈራው ከጀርባዬ የተቀመጠውን ሰው እንጂ የኢሜይሉን ባለቤት ያሁን አልነበረም። አሜሪካ ያለ ኩባንያ ከእኛ መንግሥት ጋር ምን ያገናኘዋል የሚል የዋህ እምነት ነበረኝ።

ይህን እምነት ያሳጣኝ ሺ ታኦ የተባለ ቻይናዊ ጋዜጠኛ ነው (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በ2004 የቲያናንመን ጭፍጨፋ 15ኛ ዓመት ሲቃረብ፣ ለጋዜጦች ከበላይ የወረደውን የማስጠንቀቂያ መመሪያ ጭብጥ ከያሁ አድራሻው ውጭ አገር ላለ ድረ ገጽ ላከ። የቻይና ባለሥልጣናት ኩባንያውን ጠየቁ፤ ኩባንያውም ሰጠ። መልእክቱ የተላከበት የኢንተርኔት አድራሻ ወደ ጋዜጣው ቢሮ መራ፤ ሰውዬው በ2005 «የመንግሥት ምስጢር አሳልፎ ሰጥቷል» ተብሎ 10 ዓመት ተፈረደበት። የያሁ መልስ «የአገሩን ሕግ አክብረናል» የሚል ነበር። በ2007 መሥራቹ ጄሪ ያንግ የአሜሪካ ምክር ቤት ፊት ቀርቦ፣ ከኋላው ለተቀመጡት ለሺ ታኦ እናት ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣ፤ ይቅርታም ጠየቀ። ልጃቸው የተፈታው ግን በ2013 ነው።

ይህንን ታሪክ «ቻይና ስለሆነ» ብሎ ማለፍ ይቀልል ነበር። ነገር ግን ይኸው ኩባንያ በገዛ አገሩም የደንበኞቹን መልእክት እንዲያስረክብ ታዟል። በ2008 ትእዛዙን በመቃወም በምስጢራዊው የስለላ ጉዳዮች ፍርድ ቤት ተሟግቶ ተረታ፤ አሻፈረኝ ካለ በቀን 250,000 ዶላር መቀጮ እንደሚጣልበት መንግሥት አስፈራርቶት እንደነበር የተሰማው በ2014 ነው። ለዚህ ሙግት አመሰግነዋለሁ። ምስጋናዬ ግን ብዙ አልቆየም፦ በ2016 ሮይተርስ እንደዘገበው፣ ኩባንያው በ2015 በመንግሥት ጥያቄ ለደንበኞቹ የሚገባውን ኢሜይል ሁሉ የሚፈትሽ ፕሮግራም ሠርቶ ነበር። ኩባንያው ዘገባውን አሳሳች ብሎታል።

እኔን ከሁሉ ይበልጥ የሚያስቀናኝ (አዎን፣ የሚያስቀናኝ) ወረቀቱ ነው። የሺ ታኦ ጉዳይ የታወቀው የቻይናው ፍርድ ቤት ራሱ በውሳኔው ማስረጃውን የሰጠው ማን እንደሆነ ስለጻፈ ነው። የአሜሪካውም ሙግት መዝገብ ነበረው፤ ዘግይቶም ቢሆን ተከፈተ። ጠያቂና ተጠያቂ ሁለት ሲሆኑ በመካከላቸው አንድ ደብዳቤ መኖሩ አይቀርም።

በእኛ አገር፣ ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ በ2022 ሥራ እስኪጀምር ድረስ፣ ሕዝቡ ስልክም ኢንተርኔትም የሚያገኘው ከአንድ የመንግሥት ድርጅት ነበር። ሂዩማን ራይትስ ዎች በ2014 ባወጣው ዘገባ፣ በቁጥጥር ሥር የዋሉ ሰዎች የተቀዳ የስልክ ንግግራቸው በምርመራ ላይ እንደቀረበባቸው ተናግረዋል። ጠላፊውና አገልግሎት ሰጪው አንድ ቤት ሲያድሩ ማን ለማን ማመልከቻ ይጽፋል? እንቢ የሚል ሠራተኛ ቢኖር እንኳ እንቢታው የት ይመዘገባል? ታሪክ ጸሐፊ ነገ መጥቶ መዝገብ ቢጠይቅ ምን እንደሚሰጡት አላውቅም።

ጓደኛዬ አልተመለሰም፤ እዚያው አገባ፣ ወለደ። ባለፈው ሰንበት ደውሎ የልጆቹን ነገር ካጫወተኝ በኋላ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እትዬ ወርቄስ እንዴት ናቸው?» አለኝ። ሃያ ዓመት አልፎናል፤ ያንን ሁሉ ደብዳቤ ያነበበ ሰው ይኑር አይኑር ሁለታችንም አናውቅም። ሳቅሁ። ከዚያ ግን፣ ሳላስበው፣ እኔም ድምፄን ዝቅ አድርጌ «ወጣ ገባ ይልባቸዋል» አልኩት።