ስለ "ሞተው" ፔዳል

መኪና የሌለው አስተማሪ ስለ ስፖርት መኪና ፔዳል ምን አገባው የምትሉ አትጠፉም። ነገሩ ግን ፊዚክስ ነው፤ ፊዚክስ ደግሞ እንጀራዬ ነው።

ጥያቄው የመጣው ከአንድ የቀድሞ ተማሪዬ ነው። ቨርጂኒያ ነው ያለው። ሌሊት እየሠራ፣ ለእናቱ በየወሩ እየላከ፣ ከሚተርፈው አጠራቅሞ ያገለገለች ማንዋል ማዝዳ ኤምኤክስ-5 ገዛ። ሁለት ወንበር ብቻ ያላት፣ ጣሪያዋ የሚከፈት። "ቲቸር፣ ፔዳሎቹን በአሉሚኒየም ልቀይራቸው ነው፣ የግራ እግር ማሳረፊያውንም ጭምር። ብሬ ግን ለሁሉም አንድ ላይ አይበቃም። ከየቱ ልጀምር? ደግሞ ሰፈር እንዳይሰማ፤ ሰው ቤት ይሠራል እሱ ፔዳል ይቀይራል ይሉኛል" ብሎ ጻፈልኝ።

መልሱን በእሱ ፈቃድ እዚህም ላሰፍረው ነው። ምክንያቱም ሶማሌ ተራ ሄዳችሁ ብታዩ ቪትዝ ላይ፣ ኮሮላ ላይ የሚያብረቀርቅ ፔዳል የሚያስለጥፈው ወጣት ትንሽ አይደለም።

መልሴ አጭር ነበር፦ ከእግር ማሳረፊያው ጀምር።

ማሳረፊያው ከፍሪሲዮን በስተግራ ያለው፣ ብትረግጡት ምንም የማይሠራው ነገር ነው። ፈረንጆቹ "የሞተ ፔዳል" ይሉታል። እንደ ስሙ ግን አይደለም። ጥሩ ጎማ ያላት ስፖርት መኪና ደረቅ አስፋልት ላይ ፍሬን ስትይዝ የፍጥነቷ መቀነስ ከመሬት ስበት ፍጥንጥነት ጋር ሊቀራረብ ይችላል። መኪናዋ ትቆማለች፣ ሰውነታችሁ ግን መሄዱን መቀጠል ይፈልጋል። 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው ከመኪናዋ ጋር እንዲቆም ወደ 700 ኒውተን የሚጠጋ ኃይል ያስፈልገዋል፤ ይኸውም የራሱን ክብደት ያህል ማለት ነው። ቀበቶው የድርሻውን ይይዛል። የቀረውስ? ግራ እግራችሁ የሚደገፍበት ከሌለው እጆቻችሁ መሪው ላይ ይንጠለጠላሉ። መሪ ደግሞ ለመዞሪያ እንጂ ለመንጠልጠያ አልተሠራም። ኩርባ ላይም ያው ነው፤ ግራ እግሩን በደንብ የተከለ ሰው ዳሌው ከወንበሩ አይንሸራተትም፣ እጁም ነፃ ይሆናል።

ማዝዳ ለዚችው መኪና "ጂንባ ኢታይ" የሚል መርሕ አለው። ፈረስና ፈረሰኛ አንድ ሲሆኑ ማለት ነው። ይሄ ለእኛ ማብራሪያ የሚፈልግ ነገር አይደለም። ጉግስ ያየ ሰው ያውቀዋል፤ ፈረሰኛው እጁን ለልጓምና ለዘንጉ ነፃ የሚያደርግለት እርካቡ ነው። የድሮ ፈረሰኞቻችን እኮ የእግር አውራ ጣት ብቻ የሚገባበት ትንሽ እርካብ ነበራቸው፤ ያቺ ጣት ናት ሰውዬውን ኮርቻው ላይ የምታጸናው። የሞተው ፔዳልም የመኪና እርካብ ነው።

አሁን ወደሚያብረቀርቁት እንምጣ። የፍሬን ፔዳል ማንሻ ነው፤ ዘጠነኛ ክፍል የተማራችሁት ሌቨር። ከማጠፊያው እስከ እግራችሁ 24 ሴንቲ ሜትር፣ ከማጠፊያው እስከሚገፋው ዘንግ 6 ሴንቲ ሜትር ቢሆን፣ እግራችሁ የሰጠው 200 ኒውተን ዘንጉ ጋ 800 ሆኖ ይደርሳል። የአሉሚኒየም ሽፋን ይህንን አይጨምርም። ፍሬኑ አይጠነክርም፣ መኪናው አይፈጥንም። የሚቀይረው እግራችሁ ፔዳሉን የሚያገኝበትን ቦታ ነው።

ቦታ ቀላል ነገር አይደለም። አየርተን ሴና ሱዙካ ላይ ሆንዳ ኤንኤስኤክስ ሲነዳ እግሩን የሚያሳየውን ቪዲዮ ያያችሁ ታውቃላችሁ፤ ተራ ጫማ በነጭ ካልሲ አድርጎ። በቀኝ እግሩ ፍሬኑን እንደያዘ፣ በዚያው እግር ጠርዝ ነዳጁን ነካ ያደርግና ማርሽ ይቀንሳል። ሞተሩ ከማርሹ ጋር ስለሚመጣጠን መኪናው አይነቀንቅም። ይህ እንዲሆን ፍሬኑ ሲረገጥ ከነዳጁ ፔዳል ጋር ከፍታው መቀራረብ አለበት፤ በመካከላቸው ያለው ክፍተትም ከጫማው ወርድ ጋር መስማማት አለበት። ጥሩ የፔዳል ስብስብ የሚሠራው ይሄንን ነው። ለኤምኤክስ-5 ተለክቶ የተሠራውን ግዛ ያልኩትም ለዚህ ነው።

"ለሁሉም መኪና ይሆናል" ተብሎ የሚሸጠው ግን ሌላ ታሪክ ነው። የፍሬኑን ሽፋን አንድ ሴንቲ ሜትር ወፍራም ካደረጋችሁት እግራችሁ ከነዳጅ ወደ ፍሬን ሲሻገር የበለጠ መነሳት አለበት። በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በሰከንድ ወደ 28 ሜትር ይጓዛል። 0.2 ሰከንድ ብትዘገዩ 5 ሜትር ተኩል ሄዳችኋል። ማዝዳዋ ራሷ 4 ሜትር አትሞላም! በዚያ ላይ ጠርዙ ሰፍቶ ጫማ ቢይዝስ? በዝናብ የረጠበ ጫማ ላስቲክ የሌለው ብረት ላይ ቢንሸራተትስ? የያዘችው ትንሽ ብሎን ላልታ ሽፋኑ ቁልቁለት ላይ ቢዞርስ?

ማጋነን አይደለም። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2009 ሳንዲዬጎ አካባቢ አንድ ሌክሰስ ውስጥ የነበሩ 4 ሰዎች አለቁ። የነዳጅ ፔዳሉን ይዞ ያስቀረው የወለል ምንጣፍ ነበር፤ የሌላ ሞዴል ምንጣፍ። ቶዮታ በዚያው ዓመት አሜሪካ ውስጥ 3.8 ሚሊዮን ያህል መኪኖችን ጠራ። ከመፍትሔዎቹ አንዱ የነዳጅ ፔዳሉን ጫፍ ማሳጠር ነበር። አያችሁ፣ እግር ሥር ያለ ነገር ሁሉ ቁም ነገር ነው።

ስለዚህ ለልጁም ለእናንተም፦

ማሳረፊያው ወለሉ ላይ ይታሰር እንጂ አይለጠፍ። ተላቆ ፍሬን ሥር ከገባ እርካብ መሆኑ ቀርቶ ወጥመድ ይሆናል። ተረከዛችሁ ወለል ላይ ሆኖ፣ ጉልበታችሁ ትንሽ ታጥፎ፣ እግራችሁ ሳይነሳ ወደ ፍሪሲዮን መሻገር መቻል አለበት።

ፔዳሉ ላስቲክ ያለው ይሁን። ከተገጠመ ከወር በኋላ ብሎኖቹን በእጃችሁ ፈትሹ።

አዲስ ምንጣፍ አሮጌው ላይ አትደርቡ።

ደግሞ ግራ እግራችሁን ፍሪሲዮን ላይ አሳርፋችሁ አትንዱ። ብዙ ሾፌር ይህ ልማድ አለበት። ኩሺኔቱ ያለ ሥራው ይዞራል፣ ዲስኩ ይበላል፣ ከዚያ ጋራዥ ሄዶ "ዕቃው ፎርጅድ ነው" ይባላል።

የሰፈሩን ወሬ በተመለከተ ደግሞ፣ እናቱን ሳይረሳ በላቡ የገዛትን መኪና በሥርዓት ቢያሳምር ማንም አይፍረድበት። ገንዘቡን መጀመሪያ ማንም ለማያየው፣ ፎቶ ላይ ለማይወጣው ዕቃ ማውጣቱ ብልህነት ነው። የሚያብረቀርቀው በሚቀጥለው ደመወዝ ይደርሳል።

እናንተስ፣ ስትነዱ ግራ እግራችሁን የት ነው የምታሳርፉት? ዛሬ ወደ ቤት ስትመለሱ እስቲ ልብ በሉት።