መቅደላን የወረሰው ስም

ከደሴ ወደ ኩታበር ሲያቀኑ መጀመሪያ የሚያገኙት ቦሩ ሜዳን ነው። ብዙ መንገደኛ እንቅልፉን ሳይጨርስ ያልፈዋል። እኔ ግን ሹፌሩን ለምኜ ወረድኩ። በ1870 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ አራተኛና ንጉሥ ምኒልክ ለሃይማኖት ጉባኤ የተቀመጡት እዚህ ነው። የወሎው መሐመድ አሊ ክርስትና ተነሥተው ሚካኤል ተባሉ፤ ክርስትና አባታቸው ዮሐንስ ነበሩ። አመዴ ሊበን ደግሞ ምኒልክ ክርስትና አንሥተዋቸው ኃይለ ማርያም ሆኑ። ሚካኤል ኋላ የልጅ ኢያሱ አባት፣ የደሴው አይጠየፍ አዳራሽ ባለቤት፣ በመጨረሻም ንጉሥ ሆኑ። የአባታቸውን የአሊን ስም ግን ጥምቀቱ አልፋቀውም። ዛሬም ንጉሥ ሚካኤል አሊ እንላቸዋለን።

ኩታበር ስደርስ ደጋው በብርዱ ተቀበለኝ። ባሕር ዛፉ፣ የገብሱ ማሳ፣ በድንጋይ እርከን የታሰረው ተዳፋት፣ ሁሉም ደስ አለኝ። ደስታዬን የሞላልኝ ግን የቡናው ቤት ነው። ጀበናው ከእሳት ወርዶ፣ ዕጣኑ ጭሶ፣ መጀመሪያ ዱአ ተደረገ። በዕድሜ የገፉት አባወራ ሲመርቁ ከበን የተቀመጥነው ሁሉ፣ አንገቱ ላይ ማተብ ያሰረው ጎረቤትም ጭምር፣ «አሚን» አልን። አቦሉን እየጠጣን የማን ልጅ እንደሆንኩ ጠየቁኝ፤ ነገርኳቸው። «ከዚያስ?» አሉ። ቆጠርኩላቸው። እሳቸውም በተራቸው ጣታቸውን እያጠፉ የራሳቸውን ጀመሩ፤ ይማም፣ ሰይድ፣ ወልደ ጊዮርጊስ፣ እንድሪስ... ወልደ ጊዮርጊስ ላይ ሲደርሱ ድምፃቸው ዝቅም ከፍም አላለ። አያት ናቸውና አያት ናቸው። ወሎን እንዲህ አድርጎ ያስወደደኝ ሌላ ነገር የለም።

ወደዚህ አገር ያመጣኝ ግን የሌላ አገር ሰዎች የቤተሰብ ስም ነው፤ ናፒየር።

የእኛ ስም በሰው ዕድሜ ልክ ነው። ልጅ የአባቱን፣ ቢበዛ የአያቱን ስም ይጽፋል፤ የቀሩት አያቶች ከወረቀት ወርደው በቃል ቆጠራ ይኖራሉ። እንግሊዞች ግን አንዱን ስም ሳይለውጡ ለልጅ ልጅ ያወርሳሉ። ናፒየር የሚባለው ቤተሰብ ሥሩ ስኮትላንድ ነው። በመካከለኛው ዘመን በነገሥታትና በመኳንንት ቤት የገበታ ልብስ የሚጠብቅ ሹም ነበር፤ የስም አጥኚዎች ስሙን ከዚህ ሹመት ያመጡታል። ቤተሰቡ የሚወደው ታሪክ ግን ሌላ ነው፤ በጦር ሜዳ አቻ ያልተገኘለት አያት ነበረን ይላሉ። በእኛም ቤተ መንግሥት ጠጅ አሳላፊ፣ እልፍኝ አስከልካይ፣ ሊጋባ ነበሩ፤ ሹመቱ ከሰውዬው ጋር ያበቃል እንጂ ለልጅ ልጅ ስም አይሆንም። እነሱ ዘንድ ገበታው ከተነሣ ከዘመናት በኋላም ስሙ ቀረ። በ1614 እ.ኤ.አ. ሎጋሪዝምን ያሳተመው ጆን ናፒየር የተጠራው በዚሁ ስም ነው።

የእንግሊዙ ጄኔራል ሮበርት ናፒየር በ1803 ዓ.ም. ኮሎምቦ ተወለደ። ሁለተኛ ስሙ ኮርኔሊስ ይባላል፤ አባቱ ጃቫ ላይ ሲዋጋ ከቆሰለበት ምሽግ የተወሰደ ነው። ይህን ሳነብ ነው መንገዱ የታየኝ። ገና በሕፃንነቱ የሩቅ አገር ምሽግ በስሙ የተሸከመ ሰው፣ ሁለተኛውን ምሽግ ወሎ መጥቶ ወሰደ።

የበሽሎ ወንዝ ከኩታበር በስተምዕራብ ይመነጫል፤ እየሰፋና እየጠለቀ ሄዶ ዓባይ ይገባል። ናፒየር ዙላ ወደብ ላይ ወርዶ 13 ሺህ ያህል ወታደርና ከሕንድ የመጡ ዝሆኖች አስከትሎ ሲመጣ፣ ወደ አፄ ቴዎድሮስ አምባ፣ ወደ መቅደላ ለመውጣት ይህን ወንዝ መሻገር ነበረበት። ከማዶው ዳገት ላይ፣ እሮጌ ሜዳ፣ ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም.፣ በስቅለት ዕለት ጦርነቱ ሆነ። የቴዎድሮሱ ፊታውራሪ ገብርዬ እዚያ ወደቀ። በፋሲካ ማግስት፣ ሚያዝያ 6 ቀን፣ አፄ ቴዎድሮስ እጅ ላለመስጠት ራሳቸውን ገደሉ። እንግሊዞቹ አምባውን አቃጠሉት፤ ብራናውንና ዘውዱን ጭነው ሄዱ። በዚያው ዓመት ንግሥት ቪክቶሪያ ጄኔራሏን «የመቅደላው ባሮን ናፒየር» ብላ ሾመችው። ማዕረጉ ከወራሽ ወደ ወራሽ እየተላለፈ እስከ ዛሬ አለ። ለንደን፣ ሐምፕስቴድ ውስጥ መጠጥ ቤት እንኳ በመቅደላ ስም ተሰይሟል።

አምባው ላይ ስወጣ ሴባስቶፖል ያው በቦታው አለ። ጋፋት ላይ የተሠራው፣ ቴዎድሮስ ከደብረ ታቦር ጀምሮ ገደል እያስቆፈሩ፣ መንገድ እያስጠረጉ በሰው ጉልበት ያስጎተቱት መድፍ ነው። አፉ ሰማይ ያያል። እጄን አኖርኩበት፤ ነሐሱ በፀሐይ ሞቋል፣ ጠርዙ ላይ የቀለጠው ነሐስ ሲፈስ የረጋበት ሸካራ መስመር በጣት ይዳሰሳል። መንገድ ያሳየኝ ወጣት ፋላን፣ ሰላምጌን፣ እሮጌን በጣቱ እየጠቆመ ነገረኝ፤ ገብርዬን አጎቱ የሆነ ያህል ነው የሚያወራው። ስለ ናፒየር ስጠይቀው «እሱማ መጥቶ ሄዷል» አለኝ።

ሄዷል፤ የሄደው ግን የሰባት ዓመቱን ዓለማየሁ ቴዎድሮስን ይዞ ነው። ልጁ ራግቢ ተማረ፣ ሳንድኸርስት ገባ፣ በ1872 ዓ.ም. በ18 ዓመቱ ሊድስ ላይ ሞተ፤ ዊንዘር ተቀበረ። ዐፅሙ ይመለስልን ብላ ኢትዮጵያ ጠይቃለች፤ በ2015 ዓ.ም. የቤኪንግሃም ቤተ መንግሥት የሌሎችን ዐፅም ሳይነኩ ማውጣት አይቻልም ሲል መለሰ። እኔ መቅደላ ላይ ቆሜ ይህ መልስ አልዋጥልህ አለኝ። ባሮኖቹ አምባውን በስማቸው ይያዙት፤ ያን ሊነጥቃቸው የሚሄድ የለም። ልጁ ግን እናቱ ጥሩወርቅ ውቤም በስደቱ መንገድ ላይ ሞተውበታል፤ አባቱ ያሉበት አፈር ይገባዋል፤ መጠየቃችንንም መተው የለብንም።