ጄኔቫ፦ አንድ ከተማ፣ ሁለት ደመወዝ

ከኮርናቫን ባቡር ጣቢያ በ15 ቁጥር ትራም ተሳፍሬ ናሲዮን አደባባይ ወረድኩ። ባለ 12 ሜትሩ እግረ ሰባራ የእንጨት ወንበር ከነግርማው ቆሟል፤ ጎብኚው ሁሉ ከሥሩ ፎቶ ይነሣል። እኔን ወደዚህ የሳበኝ ግን እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2018 የዚህ ከተማ የተመድ ሠራተኞች ሥራ ማቆማቸው ነው።

ጉዳዩ የደመወዝ ነበር። የዓለም አቀፍ ሲቪል ሰርቪስ ኮሚሽን በ2017 ለጄኔቫ ባለሙያዎች የሚታሰበው የኑሮ ማካካሻ እንዲቀነስ ወሰነ፤ ቅነሳው ከተጣራ ገቢያቸው 5 በመቶ ገደማ የሚወስድ ነበር። የሠራተኛ ማኅበሮቻቸው የስሌቱን ዘዴ ሞገቱ። የስዊዘርላንድ ፍርድ ቤት ግን አያያቸውም፤ ድርጅቶቹ ያለመከሰስ መብት አላቸው። ምክንያቱ ይገባኛል፤ አስተናጋጁ አገር በዳኞቹ በኩል ድርጅቱን እንዳይጫነው ነው። ዋጋውን የሚከፍለው ግን ሠራተኛው ነው።

ከአደባባዩ ሽቅብ ስወጣ የዓለም የሥራ ድርጅትን ሕንጻ አገኘሁት። የዚህ ድርጅት የአስተዳደር ፍርድ ቤት ሥሩ በ1927 የመንግሥታቱ ማኅበር ካቋቋመው ችሎት ይመዘዛል፤ ዛሬ ከ50 በላይ ድርጅቶች ሥልጣኑን ተቀብለዋል። በሐምሌ 2019 በሥልጣኑ ሥር ላሉት ሠራተኞች ፈረደ፤ ለእነሱ ቅነሳው ተሻረ። በተመድ የራሱ ችሎቶች ሥር ያሉት ግን ተረቱ፤ በ2021 ይግባኛቸውም ውድቅ ሆነ። በአንድ ከተማ፣ ከአንድ ገበያ የሚሸምቱ፣ በአንድ ደረጃ ያሉ ሁለት ሰዎች የተለያየ ማካካሻ ይታሰብላቸው ጀመር።

ከሁሉ ይልቅ የከነከነኝ ማኅበር በስሙ እዚህ ፍርድ ቤት ከሳሽ ሆኖ መቅረብ አለመቻሉ ነው። ማኅበሩ ከኋላ ሆኖ ቢደግፍም መዝገቡ ላይ የሚሰፍረው የግለሰብ ስም ነው። አለቃውን በስሙ የሚከስ ሰው ነገም እዚያው ቢሮ ገብቶ መዋል አለበት።

የመደራጀት ነፃነትን የሚያስከብረው የ1948ቱ 87ኛ ስምምነት የወጣው ከዚሁ ድርጅት ነው። የሚያጸድቁት ግን መንግሥታት ናቸው፤ ዓለም አቀፍ ድርጅቶች አያጸድቁትም። ይህን ልክ ነው ለማለት አልደፍርም። ከማኅበር ጋር መደራደር ይቻላልና፦ የዓለም የሥራ ድርጅት ራሱ በ2000 ከሠራተኞቹ ማኅበር ጋር የኅብረት ድርድርን የሚያውቅ ስምምነት ፈርሟል። ብዙዎቹ ሌሎች ድርጅቶች የየራሳቸውን ማኅበር ያማክራሉ፤ ምክክር ግን ድርድር አይደለም፤ ከተመካከሩ በኋላ ወሳኙ ያው አለቃው ነው።

ለአዲስ አበባም ነገሩ ሩቅ አይደለም። በ1958 በተቋቋመው የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን የሚሠራ ሰው በደል ቢደርስበት ወደ አገሩ የሥራ ክርክር ችሎት አይሄድም፤ አቤቱታው የሚታየው ናይሮቢ በሚገኘው የተመድ ችሎት ነው። በአማካሪነት ውል የተቀጠረው ባልደረባው ደግሞ፣ ጠረጴዛቸው ጎን ለጎን ቢሆንም፣ ያንን ችሎት እንኳ አያገኝም፤ የቀረለት የግልግል ዳኝነት ነው። ማኅበራቱ መጀመሪያ ሊቆሙለት የሚገባው ሰው ለእኔ እሱ ነው።