መንገድ ላይ ያረጀ ትዳር

ውድ አንባቢያን፣ ትዳራችሁ ስንት ዓመቱ ነው? ይህን ለመመለስ እንደማትቸገሩ አውቃለሁ። እስቲ ሌላ ልጨምር፦ ከዚህ ውስጥ በአንድ ጣሪያ ሥር አብራችሁ ያደራችሁባቸው ሌሊቶች ቢደመሩ ስንት ዓመት ይሆናሉ?

ይህን ጥያቄ ያስጠየቁኝ እዚህ አቃቂ በአጥቢያችን የሚገኙ አንዲት እናት ናቸው። ባለቤታቸው ዕድሜያቸውን በከባድ መኪና ሾፌርነት አሳልፈው በ2016 ዓ.ም. ወደ ጌታ ሄደዋል። «ስማችን ይቅር፤ ታሪኩን ግን ጻፊው» ብለውኛልና እሳቸውን እትዬ፣ ባለቤታቸውን ጋሼ እያልኩ እቀጥላለሁ። የተጋቡት በ1976 ዓ.ም. ሲሆን ጋሼ መንዳት ያቆሙት በ2010 ዓ.ም. ነው። በመካከሉ ባሉት ሠላሳ አራት ዓመታት አንዱ ደርሶ መልስ ከነወረፋውና ከነጭነቱ ሁለት ሳምንት ያህል ይፈጃል፤ ከዚያ ቤት የሚታደረው ሁለት ቢበዛ ሦስት ሌሊት ነው። እትዬ በጣታቸው ቆጠሩና፣ «አርባ ዓመት በትዳር ኖርን ይባላል እንጂ፣ ቤት የተቀመጠበት ተጨምሮ እንኳ አብረን የኖርነው አሥራ ሦስት ዓመት አይሞላም» አሉኝ።

በእኛ ሰፈር እንዲህ ያለው ቤተሰብ ብርቅ አይደለም። ከጅቡቲ የሚመጣው ጭነት ወደ አዲስ አበባ የሚገባው በዚህ በኩል ነው። ጉምሩኩ፣ ጋራዡ፣ ጎማ ጠጋኙ፣ ተሳቢዎች ተደርድረው የሚያድሩበት ሜዳ ሁሉ ከአቃቂ እስከ ቃሊቲ ተዘርግቷል። በ2007 ዓ.ም. የተከፈተው የአዳማ የፍጥነት መንገድም የሚነሣው እዚሁ ከቱሉ ዲምቱ ነው። በእኅቶች ጸሎት ላይ ርእስ ሲሰበሰብ «ባለቤቴ መንገድ ላይ ነው» የምትል አንዲት እኅት አትጠፋም።

ጋሼ ሥራውን የጀመሩት በረዳትነት፣ በዚያች «ኤንትሬ» እያልን በምንጠራት የጣሊያን ፊያት ላይ ነው። ያኔ የአገሪቱ በር አሰብ ነበር። በ1977ቱ ረሃብ ጊዜ ከአሰብ ወደ ወሎ እህል ካመላለሱት ሾፌሮች አንዱ ነበሩ። ስለዚያ ዓመት ብዙ አያወሩም። አንድ ቀን ብቻ፣ ጆንያ ሲወርድ ከስፌቱ ሾልኮ መሬት የነካውን ስንዴ ሰዎች አንድ በአንድ ሲለቅሙ አይቼ መኪናዬን ማስነሣት አቃተኝ ብለው ለባለቤቴ ነግረውታል። ግንቦት 1990 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር ጦርነቱ ሲነሣ የአሰብ መንገድ ተዘጋና የጭነቱ ሁሉ ፊት ወደ ጅቡቲ ዞረ። ጋሼም በአፋር በረሃ፣ በሚሌና በሎጊያ አድርገው ጋላፊን እየተሻገሩ ሃያ ዓመት ያህል ተመላለሱ።

እቤት ደግሞ እትዬ ይጠብቃሉ። ሞባይል ሳይመጣ በፊት የሾፌር ሚስት ወሬ የምታገኘው ከሌላ ሾፌር ነበር። ሠፈር የገባ ሁሉ «ሚሌ ላይ ጎማ ሲቀይር ትቼው መጣሁ» ወይም «ወደብ ላይ ወረፋ ይዟል» እያለ ያደርሳል። ያን ሌሊት እትዬ እንቅልፍ ይተኛሉ። መልእክተኛ ከጠፋ ደግሞ በሶ እየፈጩ፣ ለሚቀጥለው ጉዞ ቋንጣ እየዘለዘሉ ይነጋል። ልጆቹን ያሳደጉት፣ ትምህርት ቤት ሲጠሩ የሄዱት፣ ጣሪያው ሲያፈስ ቆርቆሮ ያስመቱት እሳቸው ናቸው።

ጋሼ ጌታን ያገኙት በ1984 ዓ.ም. ነው። እሑድን ግን አያገኙትም ነበር! በወር አንዴ ቢገኙ ትልቅ ነገር ነው። «የስም አባል» ያላቸውም አልጠፋ። እትዬ የስብከትና የመዝሙር ካሴት ገዝተው ከበሶው ጋር ይቋጥሩላቸዋል፤ ጋሼም ካሴቱ እስኪሟሽሽ ጋቢና ውስጥ ይሰሙታል። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 ያለውን ጃንደረባ ከሁሉ ይወዱት ነበር። በመጽሐፍ ቅዱስ ኮሌጅ ያንን ክፍል ስንማር ስለ ወንጌል ወደ አሕዛብ መሻገር ብዙ ገጽ ጽፌያለሁ። ጋሼ ያዩትን ግን አላየሁም ነበር፦ ሰውየው ረጅም መንገድ ላይ ነው፣ ሠረገላ ውስጥ ተቀምጦ ያነባል፣ ጌታም እቤትህ ስትገባ እንገናኝ አላለውም፤ ምድረ በዳው ላይ ሰው ላከለት።

አሁን ወደ ከበደው ነገር ልግባ። በ1990ዎቹ የሾፌር ሚስት መሆን ምን ማለት እንደ ነበር በዕድሜ የገፋችሁ ታስታውሳላችሁ። ኤች አይ ቪ የብዙ ቤት በር ያንኳኳበት፣ መድኃኒቱም በ1997 ዓ.ም. በነፃ መሰጠት እስኪጀምር ድረስ ለብዙው ሰው የማይደረስበት ዘመን ነበር። የወደብ መንገድ ከተሞች ስም በሹክሹክታ ይነሣል። ቤተ ክርስቲያን ተጋቢዎችን «ተመርመሩ» ስትል፣ በትዳር ውስጥ ላሉት ግን ያን ያህል ደፍራ አትናገርም። ጋሼ ራሳቸው «ነዪ እንመርመር» ብለው እትዬን ይዘው ሄዱ። ውጤቱ የእነርሱ ስለሆነ እዚህ አልጽፈውም። ሆኖም ምርመራው ስለ ደማቸው ነገራቸው እንጂ ስለ ሌሊቶቹ አልነገራቸውም። እትዬ አልጠየቁም፣ ጋሼም አልተናገሩም፤ ጥያቄው ለዓመታት ቤታቸው ውስጥ ተቀምጦ አብሯቸው በላ ጠጣ።

በ2010 ዓ.ም. ዓይናቸው እየደከመ ሲሄድ ጋሼ መሪውን ለቀቁ። ሁላችንም «እፎይ፣ አሁን ትዳራቸውን ያጣጥማሉ» አልን። በጥቂት ወር ውስጥ ግን እትዬ ቤታችን መጥተው፣ «እንግዳ ሰው ገብቶብኛል» አሉ። ጋሼ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት እየተነሡ ግቢውን ይዞራሉ፤ ጎማ የማየት ልማድ ነው። እትዬን እንደ ረዳት «አቀብዪኝ፣ አንሺ» ይላሉ። ጨው የት እንደሚቀመጥ አያውቁም። እትዬም ሻይ ሲያቀርቡ እንደ ድሮው ሁለት ማንኪያ ስኳር ይጨምራሉ፤ ባልየው ሳይጠጡት ይቀራሉ። ለካስ ስኳር በሽታ እንዳለባቸው መንገድ ላይ ካወቁ ሦስት ዓመት ሆኗቸዋል፤ ለሚስታቸው አልነገሩም።

የተወደዳችሁ ባለትዳሮች፣ ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች ሲጽፍ ባልና ሚስት በስምምነት፣ ለተወሰነ ጊዜና ለጸሎት ካልሆነ እንዳይለያዩ ይመክራል። እንጀራ ለያይቷቸው የኖሩትን ግን ምን እንበላቸው? ሥራ ተዉ አንላቸውም። የእኛ ጤፍ ማዳበሪያ፣ የሆስፒታላችን መድኃኒት፣ ይህ መጽሔት የታተመበት ወረቀት ሁሉ አንድ ሰው ከሚስቱ ተለይቶ ያመጣው ነው። ባለቤቴም ምክር ለመስጠት አልቸኮለም። ሁለቱንም አስቀምጦ፣ «ስለ ሌላችሁ የማታውቁትን አንድ ነገር ብቻ ጠያየቁ» አላቸው።

ጋሼ ቀደሙ። «ሁለተኛዋ ልጃችን ስትወለድ ሐኪም ቤት ማን ወሰደሽ?» አሉ። እትዬ፣ «ጎረቤቶች፤ በሌሊት፣ በጋሪ» ሲሉ ጋሼ አንገታቸውን ደፉ። ከዚያ እትዬ ያን ለዓመታት የተቀመጠውን ጥያቄ አነሡት፦ «አንተስ፣ ሲመሽብህ የት ነበር የምታድረው?»

ክፍሉ ጸጥ አለ። ጋሼ ቆይተው፣ «ሁልጊዜ ጋቢና ውስጥ ብልሽ እዋሻለሁ» አሉ። ጌታን ከማወቃቸው በፊት በነበሩት ዓመታት ጋቢና ውስጥ ያላደሩባቸው ሌሊቶች እንደ ነበሩ ተናገሩ። እትዬ አላለቀሱም፣ አልጮኹም። ነጠላቸውን አስተካክለው ወጡ። ለሦስት ሳምንት ምግብ ከማቅረብ በቀር ቃል አልተነፈሱም። ይቅርታን እንደ ደረሰኝ ቶሎ ቆርጠን እንድንሰጥ የሚያስቸኩሉ አማካሪዎች አሉ፤ እኔ አልስማማበትም። ባለቤቴም በየሳምንቱ እየሄደ ከጋሼ ጋር ግቢ ውስጥ ከመቀመጥ በቀር አልጎተጎታቸውም። በሦስተኛው ሳምንት እትዬ ሻይ አፍልተው ስኳሩን ሳይጨምሩ አቀረቡና ከጎናቸው ተቀመጡ። ወሬ የጀመሩት ያን ቀን ነው።

ይህንን ልጻፈው ወይ ብዬ ደግሜ ጠይቄያቸዋለሁ። «ጻፊው፤ ስንቷ ይህን ጥያቄ እንደያዘች ባሏን ትቀብራለች» ነው ያሉኝ።

ከዚያ በኋላ የነበሩትን ዓመታት ብታዩ! ጋሼ ሽንኩርት መላጥ ተማሩ። እትዬ መንገዱን በወሬ ተጓዙት፤ የት ቁልቁለት እንዳለ፣ የት የአፋር እረኛ ውኃ እንደሚለምን፣ ጋሼ ለእነርሱ ብለው የሚይዟት ጀሪካን የት እንደምትታሰር ሁሉ ያውቃሉ። ስኳሩና ግፊቱ ኩላሊታቸውን ሲጎዳው ቀጠሮ ያልቀረባቸው አንድ ቀን የለም፤ ወረፋ መጠበቅ ለሁለቱም አዲስ አልነበረም። አንድ ማለዳ፣ ገና ሳይነጋ፣ እትዬ እጃቸውን እንደያዙላቸው አረፉ።

በቀብራቸው ቀን ሾፌሮች ከየአቅጣጫው መጡ። ኦርቶዶክሱም፣ ሙስሊሙም፣ የእኛውም ነበሩ። ድሮ ረዳታቸው የነበረና ዛሬ የራሱን ተሳቢ የሚነዳ ሰው፣ ጋሼ ከመነሣታቸው በፊት መኪናውን ዞረው እያንዳንዱን ጎማ በብረት እየመቱ ድምፁን እንዲያዳምጥ እንዳስተማሩት ተናገረ። «ሲቸኩል ያየሁት ወደ ቤት ሲመለስ ብቻ ነው» አለ። ይህን ከእሱ ሰምተው እትዬ ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ጮኸው አለቀሱ።

ለቅሶ ላይ አንዲት ሴት ለማጽናናት ብላ፣ «አንቺስ መለየቱን ለምደሽዋል፤ ሁልጊዜም ሄያጅ ነበር» አለቻቸው። ውድ አንባቢያን፣ እንዲህ ያለውን ቃል ከማጽናኛችን ውስጥ እናውጣው። እትዬ ቀና ብለው አይዋትና፣ «ሲሄድ እኮ እጠብቀው ነበር፤ የሞተብኝ መጠበቁም ጭምር ነው» አሏት።

ትንሣኤን የምናምን ሰዎች መሆናችንን እትዬም ያውቃሉ፤ ከእኔ ይልቅ ያውቁታል። ይሁን እንጂ በሶ የሚፈጩለት ሰው ያጣ እጅ አለ፤ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይም አሁን የሚነቁት እሳቸው ናቸው።

በእነዚህ ዓመታት መንገዱ ለሾፌር የባሰ ሆኗል። ስለ ታገቱና ስለ ተገደሉ ሾፌሮች ሰምታችኋል። በአጥቢያችን ያሉ ወጣት ሚስቶች ሞባይል ይዘውም፣ ኔትወርክ ሲጠፋ እንደ ድሮዎቹ ይጨነቃሉ። እትዬ አሁን ወደ እነርሱ ቤት ይሄዳሉ። ባለፈው ሳምንት ከእኔ ጋር ሆነን አንዲት አራስ ልንጠይቅ ገባን። ባሏ ከጅቡቲ ከተነሣ ሁለት ቀን ሆኖታል፤ ስልኩ አይሠራም። ጸልየን እኔ ልጆቼ ዘንድ ስመለስ እትዬ ነጠላቸውን አጣጥፈው ወንበር ላይ አስቀመጡና፣ «ሚሌ ደረስኩ እስኪል አብሬያት ነኝ፤ አንቺ ሂጂ» አሉኝ።