ኮምፒውተሩ በቡና ለቀማ ብቻ ለምን ይሞታል?

ከጅማ እስከ አጋሮ 45 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በኅዳር ወር በዚያ መንገድ ያለፈ ሰው ከሩቅ የሚቀበለው ሽታ አለ። የተፈላ ቡና ሽታ አይደለም፤ ገና ከዛፉ ወርዶ፣ ተፈልፍሎ፣ በገንዳ ውስጥ ያደረ ቡና ሽታ ነው። ትንሽ ይኮመጥጣል። ለእኛ ለአካባቢው ልጆች ግን የገንዘብ ሽታ ነው፤ የትምህርት ቤት ደብተር፣ የበዓል ጫማ፣ የሠርግ ወጪ ሁሉ የሚመጣው ከዚያ ነው።

አባዬ በጎማ ወረዳ የአንድ የገበሬዎች ማኅበር ሒሳብ ሹም ነው። ከሠላሳ ዓመት በላይ ሠርቷል፤ በአንድ ሳንቲም ተጠይቆ አያውቅም። ዐምና ግን ተጠየቀ።

ገበሬው ቀን የለቀመውን እሸት ቡና ከሰዓት በኋላ ጀምሮ እስከ ሌሊት ድረስ ወደ ማጠቢያው ያመጣል። እሸት አይቆይም፤ በተለቀመበት ቀን ካልተፈለፈለ ጣዕሙ ይበላሻል። ስለዚህ ሚዛኑ ፊት ሰልፍ አለ፣ ግፊያ አለ፣ አህያ አለ። ማኅበሩ ከጥቂት ዓመታት በፊት ዲጂታል ሚዛንና ኮምፒውተር ገዛ። ጆንያው ሚዛኑ ላይ ሲወጣ ክብደቱ በራሱ ኮምፒውተሩ ውስጥ ይገባል፣ ደረሰኝ ይታተማል፣ ገበሬውም ደረሰኙን ይዞ ሄዶ በሳምንቱ ገንዘቡን ይቀበላል። ደህና ነገር ነው። ችግሩ ሰልፉ በረዘመበት ሌሊት የሚዛኑ ፕሮግራም ድንገት ድርግም ማለቱ ነው። ፕሮግራሙ መዝገቡን ዲስክ ላይ የሚያስቀምጠው በየግማሽ ሰዓቱ ስለሆነ፣ በመካከል የተመዘነው ሁሉ አብሮት ይጠፋል።

ደረሰኝ አለ፣ መዝገብ የለም። ገበሬው “ቡናዬን አስረክቤያለሁ” ይላል፤ እውነቱን ነው። ኮሚቴው ደግሞ “መዝገብ ላይ የሌለ ደረሰኝ ማን አተመ?” ይላል፤ እሱም ተገቢ ጥያቄ ነው። ሹክሹክታው ዞሮ ዞሮ ሒሳብ ሹሙ ጋ ደረሰ።

አባዬ አልደወለልኝም። የደወለችው እማዬ ናት። “አባትሽ ቡና መጠጣት ትቷል” አለችኝ። የጅማ ሰው ይህ ምን ዓይነት ዜና እንደሆነ ያውቀዋል። እኔ አዲስ አበባ የምሠራው ሊኑክስ በሚባለው ሥርዓት የውስጥ አካል ላይ ነው። ፈቃድ ወስጄ፣ ሁለቱን ልጆቼን ይዤ፣ 350 ኪሎ ሜትሩን ወረድኩ።

እኔ ከመድረሴ በፊት ያልተሞከረ ነገር አልነበረም። ሚዛኑን የሸጠው “ፕሮግራሙ ነው” አለ። ፕሮግራሙን የሠራው “ኮምፒውተሩ ነው” አለ። የኮምፒውተር ጠጋኙ ደግሞ “ሜሞሪው አንሷል” ብሎ በ2 ጊጋባይቱ ላይ ሌላ 2 ጊጋባይት ጨመረበት። እውነትም ለጥቂት ጊዜ ተሻለው። ከዚያ እንደገና ሞተ።

እዚህ ላይ ስለ ከርነል ትንሽ ልበል። ከርነል የማንኛውም ኮምፒውተር መጋዘን ጠባቂ ነው። የሊኑክስን ከርነል እ.ኤ.አ. በ1991 የጀመረው የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የነበረው ሊነስ ቶርቫልድስ ነው፤ አንድሮይድ ስልክ ካላችሁ እጃችሁም ላይ አለ። ሜሞሪው ገጽ ገጽ ተብሎ ተከፋፍሏል፤ አንዱ ገጽ አብዛኛውን ጊዜ 4 ኪሎባይት ነው። ቦታ የፈለገ ሁሉ ጠባቂውን ይጠይቃል፣ ሲጨርስ ይመልሳል። ተራ ፕሮግራም ሳይመልስ ቢሞት እንኳ ችግር የለም፤ ከርነሉ የያዘውን ቦታ ሰብስቦ ያስመልሳል። የራሱ የከርነሉ ክፍል ወስዶ ካልመለሰ ግን የሚሰበስበው የለም። ኮምፒውተሩ ጠፍቶ እስኪነሣ ድረስ ያ ቦታ እንደተያዘ ይቀራል።

ቦታው ጨርሶ ሲያልቅስ? ከርነሉ አንዱን ፕሮግራም ይገድላል። የሚመርጠውም ብዙውን ጊዜ በዚያች ሰዓት ብዙ ሜሞሪ የያዘውን ነው፤ ጥፋተኛ ይሁን አይሁን አይመረምርም። ይህ የሊኑክስ ሕግ ሁልጊዜ ይከነክነኛል። የከርነሉን የቀን መዝገብ ስከፍት አራት ሞቶች ከነቀናቸውና ከነሰዓታቸው ተጽፈው አገኘሁ። አራቱም ጊዜ የተገደለው የሚዛኑ ፕሮግራም ነው። በሞተበት ሰዓት የያዘው ግን 200 ሜጋባይት እንኳ አይሞላም። የቀረውን ጊጋባይት ሁሉ የያዘው ከርነሉ ራሱ ነበር። ቅጣቱን የተቀበለው ሌላ ነው ማለት ነው።

ማን ወሰደው የሚለውን ከመፈለጌ በፊት ምን ያህል እየወሰደ እንደሆነ ማወቅ ነበረብኝ። እዚህ ላይ የረዳኝ ኮምፒውተር አይደለም፤ የአባዬ ደብተር ነው። ዲጂታሉ ከመጣ በኋላም አባዬ በየማታው ስንት ጊዜ እንደተመዘነ በእጁ መጻፉን አላቆመም። ኮሚቴው ይህን ልማድ እንደ ጥርጣሬ ምክንያት ቆጥሮበት ነበር፤ “ምን ሊያመሳክርበት ነው?” ብለው። ከመጀመሪያው ሞት እስከ ሁለተኛው ያለውን ስንደምር 6,000 ያህል ሚዛን ሆነ። ከሁለተኛው እስከ ሦስተኛውም 6,000 ያህል። ሜሞሪ ከተጨመረ በኋላ ግን 16,000 አካባቢ።

አባዬ መነጽሩን ወደ ግንባሩ ገፍቶ፣ “2 ጊጋ የገዛልን 10,000 ሚዛን ነዋ” አለ።

እንደዚያ ነው። 2 ጊጋባይት ለ10,000 ሲካፈል ለአንድ ሚዛን ከ200 ኪሎባይት ትንሽ ይበልጣል፤ ወደ 50 ገጽ። በቀንም በሰዓትም አይደለም የሚሞተው፤ በሚዛን ብዛት ነው። ክረምቱን ሙሉ ደህና ሆኖ በኅዳር የሚወድቀው ለዚህ ነው። ታዲያ አንድ ጆንያ 50 ገጽ ለምን ይበላል? ሚዛኑ በሰከንድ 10 ጊዜ ክብደት ይልካል። ጆንያ ተወርውሮ ሲወጣ ተወዛውዞ እስኪረጋ አምስት ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል። አምስት ጊዜ አሥር፣ 50።

ቀኑን ማጠቢያው ሥራ ስለማይበዛበት ልጆቼን ሚዛኑ ላይ አወጣኋቸው። “ዝም ብላችሁ ቁሙ” ስል የከርነሉ ቁጥር አይነቃነቅም። “ዝለሉ” ስል ይጨምራል። ልጆቼ ከዚህ የተሻለ የሥራ ቀን አይተው አያውቁም። መዛኙ ቆሞ ሲያይ ቆየና “እና እኛ ጆንያውን ቀስ ብለን ብናወጣው ይተው ነበር?” አለ። ይቀንስ ነበር፣ አልኩት።

ማረጋገጫ ግን ያስፈልጋል። ኬሜምሊክ የሚባል መሣሪያ አለ፤ ካታሊን ማሪናስ የሚባል መሐንዲስ ሠርቶት እ.ኤ.አ. በ2009 ወደ ሊኑክስ የገባ ነው። አሠራሩን ለአባዬ በራሱ ቋንቋ ነገርኩት። መጋዘን ውስጥ ያለ ጆንያ ሁሉ አንድ ሰው እጅ ላይ ደረሰኝ አለው። መሣሪያው በየ10 ደቂቃው ሜሞሪውን ዞሮ፣ “የዚህ ደረሰኝ ማን ጋ ነው?” እያለ ይፈልጋል። ደረሰኙ ማንም ጋ ያልተገኘ ዕቃ ባለቤት የለውም፤ ወስዶ የረሳው አለ ማለት ነው። መጀመሪያ ቦታውን የጠየቀው ማን እንደነበርም ጽፎ ይይዛል። ይህን መሣሪያ ለመጠቀም ከርነሉን እንደገና መገንባት ነበረብኝ፤ መብራት ሁለት ጊዜ ስለጠፋ አንድ ሌሊት ሙሉ ፈጀ። እማዬ ሦስተኛውን ቡና ያቀረበችልኝ ጎህ ሊቀድ ሲል ነው።

ጠዋት ላይ ዝርዝሩ ወጣ። በሺህ የሚቆጠሩ ባለቤት የሌላቸው ገጾች፣ ሁሉም በአንድ ስም፤ ሚዛኑን ከከርነሉ ጋር የሚያገናኘው ድራይቨር። ኮዱ ከሚዛኑ ጋር በመጣው ፍላሽ ውስጥ ነበር፣ ከፍቼ አነበብኩት። ክብደት በመጣ ቁጥር አንድ ገጽ ይጠይቃል፣ ቁጥሩን ያነባል። የረጋ ክብደት ከሆነ ያስተላልፍና ገጹን ይመልሳል። ያልረጋ ከሆነ ግን ገጹን ሳይመልስ ይወጣል። የጎደለው አንድ መስመር ነበር። ጨመርኩት። ልጆቼ እስኪደክማቸው ዘለሉ፤ ቁጥሩ ባለበት ቆመ።

አባዬ በወጣትነቱ ያየውን አንድ ነገር ያን ቀን አነሣልኝ። የቡና ፍሬ በሽታ እ.ኤ.አ. በ1971 አገራችን ገብቶ ፍሬውን እያበሰበሰ ሲያረግፍ፣ ተመራማሪዎች በሽታው መሐል ገብተው ያልታመሙትን ዛፎች አንድ በአንድ ለቀሙ። ከእነሱ የወጡት ዝርያዎች ዛሬም ስም የላቸውም፣ ቁጥር ናቸው፤ 74110፣ 74112። መጀመሪያ ላይ ያሉት ሁለቱ አኃዞች የተመረጡበት ዓመት ናቸው። “ያኔም ዛፍ ለዛፍ ነው የተፈለገው” አለ።

ኮሚቴው የተሰበሰበው ቅዳሜ ነው። ስለ ገጽና ስለ ከርነል ብዙ አላወራሁም። አራቱን የሞት ሰዓቶች በአንድ ወረቀት፣ ከመዝገብ የጎደሉትን የደረሰኝ ተራ ቁጥሮች በሌላ ወረቀት አድርጌ ጎን ለጎን አስቀመጥኩ። ጉድለቱ ሁሉ ከየሞቱ በፊት ባለው ግማሽ ሰዓት ውስጥ ይወድቃል፤ ከዚያ ውጭ አንድም የለም። የማታው ድምርም ከአባዬ ደብተር ጋር ገጠመ። ሰብሳቢው አንዴ በአማርኛ፣ አንዴ በኦሮምኛ ለተሰብሳቢው ካስረዱ በኋላ ደረሰኞቹ እንዲከፈሉ ተወሰነ። ይቅርታ በግልጽ የጠየቀ ሰው አልነበረም። አንድ ሽማግሌ ግን ሲወጡ የአባዬን እጅ ይዘው እስከ በሩ ድረስ አልለቀቁትም።

ለሚዛኑ ሻጭ እርማቱን ከነማብራሪያው ላክሁ። ምላሽ አልመጣም። ያው ሚዛን ያላቸው ሌሎች ማጠቢያዎች ግን ወሬውን ሰምተው ከጌራም ከሊሙም ፍላሽ ይዘው መጡ፤ ለመጣው ሁሉ ገልብጬ ሰጠሁ። ለዘንድሮው ለቀማ አባዬ ደብተሩ ላይ አንድ ረድፍ ጨምሯል። በየማታው ከሚዛኑ ብዛት አጠገብ ኮምፒውተሩ ውስጥ የቀረውን ሜሞሪ ይጽፋል፤ እሑድ እሑድ በስልክ ያነብልኛል።