«ና እስቲ!» የሚለው በቀቀንና የእንቴቤ ዘመዶቹ

ዛሬ የማወጋችሁ ስለ ትዳርም፣ ስለ ቁንጅናም አይደለም። ስለ አንድ ወፍ ነው። «ደሞ ስለ ወፍ ምን ይወራል?» ብላችሁ ገጹን እንዳትገለብጡብኝ። ወፉ አማርኛ ይናገራል!

ነገሩ እንዲህ ነው። የአክስቴ ልጅ አረብ ሀገር ሰው ቤት ትሠራለች። አርብ አርብ ስትደውልልኝ ከጀርባዋ አንድ ድምፅ «ና እስቲ! ና እስቲ!» ይላል። መጀመሪያ ሌላ ሐበሻ አብሯት ያለ መስሎኝ «ማነው እሱ? ሰላም በይልኝ» ብላት በሳቅ ሞተች። ለካስ የእመቤቷ በቀቀን ኖሯል! ግራጫ ላባ፣ ደማቅ ቀይ ጅራት ያለው። የሽቦ ቤቱን ስታጸዳ «ና እስቲ» እያለች ስትጠራው እሱም ቃሉን ቀድቶ መልሶ እሷን ይጠራበታል። «ወንድ አድርጎኝ ቀረ» ትላለች። ቀጥላ ግን ድምጿ ዝቅ ይላል። «እዚህ ቤት በአማርኛ የሚያናግረኝ እሱ ብቻ ነው ጋሼ…»

አንድ አርብ ታዲያ ጥያቄ ይዛ መጣች። እመቤቷ ለበቀቀኑ ጓደኛ ልትገዛለት አስባለች። አንድ ሰውዬ ያለ ወረቀት በርካሽ ላምጣልሽ ብሏታል። የቤቱ ትልቁ ልጅ ግን «ይሄ ወፍ እየጠፋ ነው፣ አትግዢ!» ብሎ ከእናቱ ጋር ተሟገተ። «ጋሼ፣ አንተ ስለ ወፍ ታነባለህ። እውነቱን ነው ልጁ?» አለችኝ።

እኔ ሆዬ ከአሮጌ መጻሕፍት ሻጭ የገዛኋትን የአፍሪካ ወፎች መጽሐፍ ገለጥ አደረግሁ። «በብዛት የሚገኝ» ትላለች። «አይዞሽ፣ አፍሪካ ውስጥ ሞልቷል። ይግዙ ምን ችግር አለው!» አልኳት። እሷም ለቤቱ ሰዎች ነገረች። ወፉ መጣ። ክንፉ ላይ ሙጫ የመሰለ ነገር ደርቆበት፣ ላባው ረግፎ ነበር አለች። በዘጠነኛው ቀን ሞተ። «እጄ ላይ ነው የሞተው ጋሼ» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ስለ ወፍ አታወራኝም። እኔም አልጠይቃትም።

ከሐይቁ ዳር

ባለፈው ዓመት ለሥራ ጉዳይ ወደ ዩጋንዳ የምሄድበት አጋጣሚ ተፈጠረ። ከአዲስ አበባ እንቴቤ ሁለት ሰዓት ያህል በረራ ነው። እንቴቤ በቪክቶሪያ ሐይቅ ዳር የተቀመጠች ከተማ ናት። ከካምፓላ ወደ 40 ኪሎ ሜትር ትርቃለች። ስሟ በሉጋንዳ ቋንቋ «ወንበር» ማለት ነው ይላሉ። ስሟም ተስማምቷታል፣ ቁጭ ብላ ሐይቁን የምታይ ነው የምትመስለው።

እዚያ እ.ኤ.አ. በ1898 የተቋቋመ የዕፅዋት መናፈሻ አለ። ግራጫው በቀቀን በነፃነት ሲበር ይታይበታል ሲሉኝ ከአንድ ወዳጄ ካሜራ ተውሼ ነበር የሄድኩት። ጠዋት በቦዳቦዳ (ሞተር ብስክሌት ታክሲ ነው) ደረስኩ። መንገድ ላይ «ሮሌክስ» በላሁ። ሰዓቱ አይደለም፣ እንቁላል በቻፓቲ የተጠቀለለበት ቁርስ ነው! መናፈሻው ውስጥ ደግሞ ማንን ባይ ጥሩ ነው? የኛኑ ጉሬዛ! ነጭ ጭራውን አንጠልጥሎ ዛፍ ላይ ተቀምጦ ቅጠል ያላምጣል። የሀገሬን ሰው ያገኘሁ ያህል ደስ አለኝ።

የሚመራኝ ወጣት በሩ ላይ ያገኘሁት የሠፈሩ ልጅ ነው። «ካሱኩ ለማየት ነው?» አለኝ። ካሱኩ በስዋሂሊ በቀቀን ማለት ነው። «አንገትህን አታድክም፣ ጆሮህን ስጥ» ብሎ አስቆመኝ። እውነትም ቀድሞ የመጣው ፉጨት ነው። ሰፈር ውስጥ ልጆች እንደሚጠራሩት ዓይነት ፉጨት። ቀና ስል ሦስት ወፎች ክንፋቸውን ቶሎ ቶሎ እያርገበገቡ በላያችን አለፉ። ካሜራዬን ሳነሳ ሄደዋል። የመጀመሪያዎቹ ፎቶዎቼ ሰማይ ብቻ ነበሩ። ከዚያ ደግሞ ቅጠል ብቻ። አንድ ሰዓት ተኩል ቆይቼ ነው አንዱን ዘንባባ ላይ ቁጭ ብሎ ያገኘሁት። ዓይኑ ፈዘዝ ያለ ቢጫ ነው። «ዓይኑ ገርጥቷል፣ ትልቅ ነው ማለት ነው። ጫጩት ዓይኑ ጥቁር ነው» አለኝ ልጁ።

አሮጊቷ መጽሐፌ

ወፉ ሲበር መጽሐፌን አውጥቼ ለልጁ ኩራት በኩራት አሳየሁት። ገልበጥ አደረገና የታተመችበትን ዓመት አየ። እ.ኤ.አ. 1980ዎቹ ውስጥ ነው። ሳቀ። «ይቺ እኮ እኔን ትበልጠኛለች!» አለ። ቀጥሎ የነገረኝ ግን የሚያስቅ አልነበረም።

ወፉ በዓለም ቀይ መዝገብ ላይ ደረጃው ደጋግሞ ተቀይሯል። እ.ኤ.አ. በ2007 ለስጋት የቀረበ ተባለ። በ2012 ተጋላጭ ተባለ። በ2016 ደግሞ ለመጥፋት አደጋ የተጋለጠ ተብሎ ተመዘገበ። በዚያው ዓመት ጆሃንስበርግ ላይ የተሰበሰቡት የሳይተስ ስምምነት አባል ሀገሮች ከዱር የተያዘውን ለንግድ ከሀገር ሀገር ማሻገር እንዲከለከል ወሰኑ። ውሳኔው ከ2017 መጀመሪያ ጀምሮ ይሠራል። ያለፉት አሥርት ዓመታት ንግድ ከ1 ሚሊዮን በላይ ወፍ ከአፍሪካ አውጥቷል። ይህ በሕጋዊ መንገድ የተመዘገበው ብቻ ነው። ጋና ውስጥ ከ1992 ወዲህ ቁጥሩ ከ90 እስከ 99 በመቶ ቀንሷል። ደኑ መመንጠሩም አለበት፤ ይህ ወፍ የሚፈለፍለው በትልልቅ ዛፎች ግንድ ቀዳዳ ውስጥ ነው።

«እንዴት ነው የሚይዙት?» አልኩት። «አንድ የታሰረ በቀቀን ቅርንጫፍ ላይ ያስቀምጣሉ። እሱ ሲጮህ ዘመዶቹ ይመጣሉ። ቅርንጫፉ ሙጫ ተቀብቷል።»

ሙጫ! እግሬ ከዳኝ። የአክስቴ ልጅ እጅ ላይ የሞተው ወፍ ነው ትዝ ያለኝ።

ያጠፋሁት ፎቶ

ቀትር ላይ አንድ ዛፍ ጋ ደረስን። ግንዱ ላይ ቀዳዳ አለ፣ ከቀዳዳው ግራጫ አናት ብቅ አለ። ካሜራው ሌንሱ ረጅም ስለነበር ዛፉን ከሥር እስከ ጫፍ ለማንሳት በስልኬ ጠቅ አደረግኩ። የዕለቱ ምርጥ ፎቶ! ወዲያው ለወዳጆቼ ልለጥፍ ስል ልጁ እጄን ያዘኝ።

«ስልክህ ቦታውን አብሮ ይመዘግባል። ዛፉ ራሱ ደግሞ ምልክት ነው። ጫጩት የሚሰርቅ ሰው እኮ ኢንተርኔት ያያል» አለኝ።

ትንሽ አኮረፍኩ፣ አልዋሻችሁም። ያን ሁሉ መንገድ መጥቼ! ግን አጠፋሁት። «እና ፎቶ ማንሳት ምን ይጠቅማል ታዲያ?» ብዬ ስጠይቀው ነው ዋናውን ትምህርት ያገኘሁት። የሚጠቅመው ቀኑ፣ ቁጥሩና አካባቢው ሲጻፍበት ነው። የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ የወፍ ጥናት ማዕከል እ.ኤ.አ. ከ2002 ጀምሮ የሚያካሂደው ኢበርድ የሚባል መዝገብ አለ። ማንም ሰው ያየውን ወፍ ያስገባል፣ አዋቂዎች ያጣራሉ፣ ስጋት ያለባቸውን አንዳንድ ወፎች ትክክለኛ ቦታም ለሕዝብ አያሳይም። የወፍ ደረጃ ከፍና ዝቅ የሚለው እንዲህ ካለው ቆጠራም ጭምር ነው። ቆጣሪ ካጣ ግን የድሮው ወሬ እንደ አዲስ ይኖራል። እንደኔ መጽሐፍ።

ስልኩ

አዲስ አበባ ተመልሼ የመጀመሪያው አርብ እኔው ደወልኩላት። ሁሉንም ነገርኳት። መጽሐፏ አሮጌ እንደነበረች፣ ልጁ እውነቱን እንደነበረ፣ ጥፋቱ የኔ እንደሆነ። ዝም አለች። በመጨረሻ «እኔም ያኔ ጠርጥሬ ነበር ጋሼ። አንተ ካልክ ብዬ ነው» አለችኝ።

ይቺን ቃል መቼም አልረሳትም። ለካ «አንተ ካልክ» የሚል ሰው ያለው ሰው ከመናገሩ በፊት ቀኑን ማየት አለበት!

እንቴቤ የቀዳሁትን ፉጨት ላኩላት። ለወፉ ስታሰማው አንገቱን ዘንበል አድርጎ ዝም ብሎ አዳመጠ አለች። ፎቶዎቹን ደግሞ ለቤቱ ልጅ አሳየችው፣ እሱም ለእናቱ። ያ ሰውዬ እንደገና ሌላ ወፍ ይዞ ሲመጣ እመቤቲቱ ከበር መልሳዋለች።

እንግዲህ ወዳጆቼ፣ ምክሬ አጭር ናት። ስለ እንስሳ የተጻፈ ነገር ስታነቡ መጀመሪያ የተጻፈበትን ዓመት እዩ። መጽሐፍም ይሁን ኢንተርኔት። በቀቀን የሚገዛ ዘመድ ካላችሁ «ወረቀቱ የታለ? እቤት ነው የተፈለፈለው ወይስ ከዱር የመጣ?» ብሎ እንዲጠይቅ ንገሩት፤ መልስ ከሌለ ይቅርበት። ፎቶ ስታነሱ ቀንና ቁጥር ጻፉ። ጎጆና ቀዳዳ ግን ለሕዝብ አትለጥፉ።

ደግሞ እንቴቤ ድረስ መሄድ ግድ አይደለም። ግራጫው በቀቀን በኛ ዱር የለም፣ እኛም ግን የራሳችን አለን። ግንባረ ቢጫው በቀቀን ከኢትዮጵያ ውጭ በዱር አይገኝም። ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ደጋ ውጭ የማይኖረው ክንፈ ጥቁሩ ትንሽ በቀቀንም አዲስ አበባ ውስጥ ዛፍ ባለበት ግቢ ይታያል። አረንጓዴ ነው፣ ወንዱ ግንባሩ ቀይ ነው። እኔ ባለፈው እሑድ ጎረቤቴ ዛፍ ላይ አራት ቆጥሬያለሁ፣ ሁለት ወንድ ሁለት ሴት። ቀኑን ጽፌዋለሁ። እናንተስ ስንት አያችሁ?

ሳምንት ሰው ይበለን። ቸር ሰንብቱ!